የወይዘሮ መሪየም ካልሲ

ሲስተር ሉባባ መቀመጥ አይሆንላትም። ከባሕር ዳር አባይን ተሻግሮ፣ ዘንዘልማ የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ስትደርስ ነጭ ጋወኗን በአንድ እጇ እየለበሰች በሌላው የግፊት መለኪያውን ታነሳለች። ሻይ ቢያመጡላት ቆማ ነው የምትጠጣው፤ እሱንም ግማሹን ትታው ትሄዳለች። እናቷ ወይዘሮ መሪየም፣ ይቺ ልጅ ስትወለድም ቸኩላ ነው የመጣችው ይላሉ። እግሯ አንድ ቦታ፣ ልቧ ሌላ ቦታ ነው።

ሥራዋ የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማንን መከታተል ነው። መቼም ሰው ስለ ገዛ ገላው የማይፈላሰፈው ነገር የለም። አንድ አባወራ የግፊት ክኒናቸው ቶሎ ቶሎ እያለቀ ቢያስቸግር፣ ምን እያደረጉት ነው ብላ ጠየቀቻቸው። ግማሹን ለሚስታቸው እንደሚሰጡ ሳያፍሩ ነገሯት። ሚስትዎ ግፊት አለባቸው እንዴ? ኧረ የለባትም። ታዲያ? ግፊቴን የምታስነሳው እሷ አይደለች፣ ነገሩ ከምንጩ ይድረቅ ብዬ ነው አሉ። ከደልጊ መጥተው ልጃቸው ቤት ያረፉ አንድ ዓሣ አስጋሪ ደግሞ ለጉልበታቸው የታዘዘላቸውን ክኒን በጨርቅ ቋጥረው፣ ጉልበታቸው ላይ አስረው ከተፍ አሉ። ሆድ ውስጥ ከገባ በኋላ ጉልበቴን በምን ያገኘዋል ብለው ሞገቷት። ራጅ ተነስተው ሲያበቁ፣ ያን ቀን እኮ በጣም ተሽሎኝ ነበር፣ ይደገምልኝ የሚሉትማ አያልቁም።

ሉባባ ሁሉንም በወጉ አስረድታ ነው የምትሸኛቸው፤ በሥራዋ አትታማም። ቤት ስትገባ ግን ሌላ ሰው ናት። ወንድሟ ሰላህ ሱቁን ዘግቶ ሲመጣ፣ እራቱ መሃል ብድግ ትልና የሰዎቹን ድምፅ፣ አረማመዳቸውን ሳይቀር እያስመሰለች ታወራዋለች። ሰላህ ሆዱን ይዞ ይንፈራፈራል። ወይዘሮ መሪየምም በሻርፓቸው ጫፍ እንባቸውን እየጠረጉ ይስቃሉ።

ወይዘሮ መሪየም ራሳቸው ስኳር አለባቸው። ክኒናቸውን የምታመጣላቸው ሉባባ ናት። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ጫማዋን እያጠለቀች፣ እማ፣ ዋጥሽ? ትላቸዋለች። ዋጥሁ ሲሏት እሷ ግቢውን ለቅቃለች። ጎረቤቱ ሁሉ፣ ነርስ ወልደው ምን ይጎድልባቸዋል ይላል።

በግንቦት ወር ላይ ወይዘሮ መሪየም ወንዛዬ ፍልውሃ ሄደው ተመለሱ። እግሬን ይጠዘጥዘኛል ሲሉ ከርመው ነበርና፣ ጎረቤታቸው እትዬ ወለላ ወገባቸውን ሊታጠቡ ሲነሱ አብረው ተሳፈሩ። ሉባባ የሰማችው ሚኒባሱ ከሄደ በኋላ ነው። ሲመለሱ ፊታቸው ፈክቷል፣ ምንም አልሆኑም። ግን ካልሲ አደረጉ። በባሕር ዳር ሙቀት፣ በዚያ ወበቅ፣ ወፍራም የሱፍ ካልሲ! ምነው ብትላቸው ብርድ ገባኝ አሉ። እግርሽን ልየው ብትላቸው ነገ አሉ። ነገ ሲደርስ እንግዳ መጣብኝ አሉ። ለሶላት ውዱእ ሊያደርጉ መታጠቢያ ቤት ሲገቡም በር መዝጋት ጀመሩ።

ከዚያ ወዲህ ሉባባ ጭራሽ እረፍት አጣች። የጠየቀችውን ሕመምተኛ መልሳ ትጠይቃለች፤ መርፌ ልታመጣ ወጥታ ለምን እንደወጣች ይጠፋታል። አብራት የምትሠራው ሔራን ምን ሆነሻል ብትላት ስለ ካልሲው ነገረቻት። ሔራን፣ እናት ካልሲ ስላደረገች አገር አይፈርስም፣ አንቺ ደግሞ ስታበዢው ብላ ሳቀችባት።

ነገሩ የወጣው በእትዬ ወለላ አፍ ነው። ግፊታቸውን ሊለኩ መጥተው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ገና የመለኪያው ጨርቅ ሳይጠብቅ ወሬያቸውን ጀመሩ።

«እናትሽን እኮ ውሃው ተቀበላቸው» አሉ።

ምን ማለትዎ ነው አለች ሉባባ። እትዬ ወለላ በኩራት ዘረገፉት። ውሃው ከሚፈልቅበት አጠገብ ማንም ደፍሮ አይቀርብም፤ ሁሉም ጣቱን ነከር አድርጎ ይሸሻል። ወይዘሮ መሪየም ግን ሁለት እግራቸውን እዚያው ዘፍዝፈው፣ ምንም ሳይላቸው እየተጫወቱ ተቀመጡ። የነበሩት ሴቶች ሁሉ አጀብ አሉ። ውሃው የሚያቃጥለው ያልተቀበለውን ነው፤ የተቀበለውንማ እንደ እናት እጅ ይዳብሰዋል ተባባሉ። ፍልውሃና የሐኪም መድኃኒት አይስማማም ስለሚባልም ወይዘሮ መሪየም ክኒናቸውን እቤት ትተውት ነበር የሄዱት።

ሔራን ከጀርባ ሳቋ አመለጣት። ይህቺኛዋ ጨዋታ ከሁሉም ትበልጣለች፣ ሉባባ ማታ ለወንድሟ እንዴት አድርጋ ታወራለት ይሆን ብላ ዞር ስትል፣ ሉባባ መለኪያውን እትዬ ወለላ ክንድ ላይ እንዳሰረችው ጥላው ወጥታለች።

ስኳር የእግርን ስሜት ይገድላል። ፍም ቢረግጡ አይታወቅም። ያ እግር ሙቀቱን የቻለው ውሃው ስለራራለት ሳይሆን፣ ተቃጥሎም ስላልተሰማው ነው። ቁስሉ ሲያመረቅዝ ደግሞ እግር እስከ መቁረጥ ያደርሳል። ሉባባ በዚህ የመጣ ስንት ሰው አይታለች።

ያገኘችው ባጃጅ አባይ ድልድይ ላይ መኪና ተደርድሮበት ቆመ። ሹፌሩ ትንሽ ታገሺ ቢላት አልሰማችውም፤ ወርዳ በሰው መሃል እየተጋፋች ሮጠች። ያ ረቢ፣ እግሯን አደራ፣ እግሯን ብቻ እያለች ድልድዩን ጨረሰችውና ሌላ ባጃጅ ውስጥ ዘላ ገባች። ቁጭ ብላም አላረፈችም፤ መንገዱን በሙሉ የፊቱን ወንበር ስትገፋ ነው የደረሰችው።

እናቷ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ሉባባ ሰላምም አላለቻቸው፤ ተንበርክካ ካልሲውን ሳበችው። እግራቸው ማር ተቀብቷል። ከማሩ ስር የመሃል እግራቸው ቆዳ ተገሽልጧል፤ ትንሿ ጣት ጠቁራለች፣ ትሸታለችም። እሳቸው ግን ቅንጣት አላመማቸውም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ሉባባ፣ ካልሲውን እንደያዘች።

ወይዘሮ መሪየም የምስሩን ሰፌድ ወደ ጎን አደረጉ።

«ከመሄዴ በፊት ልጠይቅሽ ነበር፤ ውሃው ይሆነኛል ወይ ብዬ። ኋላ ያ ክኒኑን ጉልበቱ ላይ ያሰረው ሰውዬ ትዝ አለኝ። እኔም ስቄበታለሁ እኮ። ነገ እኔንም እንደሱ ስታስመስዪኝ ታየኝና ተውሁት።»

ሉባባ እንዲያ አፍራ አታውቅም።

ሆስፒታል ሲደርሱ ጣቲቱን ማትረፍ አልተቻለም። ሰላህ ኮሪደሩ ላይ፣ በአላህ አንዴ ተቀመጪ፣ አዞርሽኝ ይላታል፤ እሷ ከግድግዳ ግድግዳ ትመላለሳለች። ሐኪሙ ወጥቶ፣ እግሩ ተርፏል፣ ጥቂት ቢቆይ ኖሮ ግን ይሄኔ የምናወራው ስለ ጣት አልነበረም አላት። አልሃምዱሊላህ ብላ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች።

በማግስቱ ወይዘሮ መሪየም ትራስ ተደግፈው ፋሻውን ሲያዩ ቆዩና፣

«ጣቲቱ ስትወጣ ስኳሩም አብሯት ወጣ?» አሉ።

አጠገባቸው ካለው አልጋ የነበረች አስታማሚ ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ሉባባ አልሳቀችም።

«አልወጣም፣ እማ። ስኳሩ ደምሽ ውስጥ ነው። ሌላስ?»

«ሌላስ ምን?»

«ልትጠይቂኝ ፈልገሽ የተውሽው።»

ወይዘሮ መሪየም መጀመሪያ ምንም የለ አሉ። ከዚያ ማር ስኳር ያስነሳል ወይ አሉ። ቀጥለው በረመዳን ክኒናቸውን አጠራቅመው ሲያፈጥሩ ባንዴ ይውጡት እንደነበር፣ ደግ አደረግሁ ወይ ብለው እንደሚጨነቁ ነገሯት። ሉባባ ክው አለች፤ ግን አንዱንም ሳትቆጣ መለሰችላቸው። ከሰዓቱ እንዲሁ ሄደ።

«እሺ፣ ክኒኑን መዋጥ የማቆመውስ መቼ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

ሉባባ ይህን ለስንቱ ተናግራለች። ስኳር የዕድሜ ልክ ነው፣ ክኒኑ አይቆምም እያለች ሕመምተኛውን ሁሉ አስተምራለች። ለእናቷ ግን አንድም ቀን ነግራቸው አታውቅም።

«አይቆምም፣ እማ። ሁልጊዜ ነው።»

ወይዘሮ መሪየም ፋሻውን ትተው ልጃቸውን አዩዋት።

«እኔ ደግሞ» አሉ፣ «ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ስትቆሚ፣ ዛሬስ በቃሽ ትለኛለች እያልሁ ነበር የምጠብቅሽ።»