ማሚቶና ስፒሎቿ

የሰፈሩ ሰው «ማሚቶ» ይላታል፤ ገደል ሥር ቆመው ሲጮኹ ቃልን መልሶ እንደሚያመጣው ድምፅ። ስሙን ያወጣላት የገዛ ታናሽ ወንድሟ ነው። እሷ ትሰፋለች፣ እሱ ይቆርጣል፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ሰፊ ጠረጴዛና ጥጉ የተሰነጠቀ ረጅም መስታወት ባለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ አብረው አርጅተዋል ማለት ይቻላል።

ነገሩ የጀመረው ከስፒል ነው። ሰው ስትለካ ስፒሎቹን በከንፈሯ ነክሳ ስለምትይዝ ረጅም ንግግር አይሆንላትም። አንዷ ደንበኛ «ባሌ ተቀይሮብኛል» ካለቻት፣ ማሚቶ በጥርሶቿ መካከል «ተቀይሮብሻል» ትላለች። የቀረውን ሴትየዋ ራሷ ትዘረግፈዋለች።

ወንድምዬው ግን የምክር ሰው ነው። የሰው ችግር ሲሰማ ልክ ሳይወስድ መፍትሔ ይቆርጣል። «እትዬ እኮ ገደል ናት! ጮክ በሉና ጠብቁ» እያለ ደንበኛ ያስቃል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር ሙሉ ልብሱን በክንዱ ይዞ ገባ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ደጅ መውጣት ትቶ ነበር። ወንድምዬው ሻይ አቀረበለት።

«አጥብቢልኝ፣ እህቴ። ለወንድሜ ልሰጠው ነው፤ እሱ ከእኔ ይቀጥናል።»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔንም ወንድም ያድርጉኝ!» አለ ወንድምዬው።

ሾፌሩ ከአንገት በላይ ሳቀ። የሚጠበውን ሊያሳያት ኮቱን ለብሶ መስታወቱ ፊት ቆመ፤ ማሚቶም ስፒሏን ነክሳ ከጀርባው ጎንበስ አለች።

«እኔ ከእንግዲህ አልለብሰውም።»

«ከእንግዲህ አይለብሱትም።»

«ምን ያደርግልኛል? ሲነጋ ይጨንቀኛል።»

«ሲነጋ ይጨንቅዎታል።»

ወንድምዬውን አፉን በላው። «ጋሼ፣ ትንሽ ወጣ ወጣ ቢሉ እኮ…» ማሚቶ ቀና ሳትል እጇን አንስታ አስቆመችው።

«በቃኝ» አለ ሾፌሩ።

ወንድምዬው ሻዩን ያለ መስሎት የተጋመሰውን ብርጭቆ ሊያነሳ እጁን ዘረጋ።

«በቃዎት» አለች ማሚቶ።

ያው ቃል ነው፤ ግን ከእሷ አፍ ሲወጣ ክፍሉን ሞላው። ሾፌሩ ማን እንደተናገረ ያላወቀ ይመስል መስታወቱ ውስጥ ራሱን አፍጥጦ አየ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሰው በሆዱ ሲያመላልሰው የከረመውን ቃል ከሌላ ሰው እጅ ካልተቀበለው ክብደቱን አያውቀው ይሆናል።

ማሚቶ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሯ አውጥታ መርፌ መሰኪያው ላይ ሰካቻቸው። ልክ ጀምራ አፏን ባዶ ስታደርግ ወንድሟ አይቷት አያውቅም።

«ጋሼ፣ ራስዎን ለማጥፋት አስበዋል?»

ብርጭቆው ከወንድምዬው እጅ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። እንዲህ ያለ ነገር በአፍ ይጠራል እንዴ!

ኮቱ በሾፌሩ ትከሻ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«አዎ… ለማንም አልተነፈስኩም። ሆድ ይፍጀው ብዬ።»

«ብቻዎን ይዘውት ኖረዋል።»

«ብቻዬን» አለ፤ አሁን ቃል የሚመልሰው እሱ ሆነ።

ያን ጊዜ አወራ። ሚስቱ ጠዋት ጠዋት ኮሌታውን ታቃናለት ነበር፤ አሁን ሸሚዙን ለብሶ በር ላይ ይቆምና ተመልሶ ይተኛል። ማሚቶ «አይዞዎት» አላለችም፤ «ያልፋል» አላለችም። ያለውን ብቻ፣ ከእሱ በለሰለሰ ድምፅ፣ መልሳ ትሰጠዋለች። ወንድምዬው የቀዘቀዘ ሻይ እንደጨበጠ ቆሞ ቀረ። ዕድሜ ልኩን የቀለደባትን ገደል አንድም ቀን ጎንበስ ብሎ ጥልቀቷን አላየም ነበር።

«አሁን ብቻዎን አይሁኑ» አለች በመጨረሻ። «ለወንድምዎ እንደውልና ሐኪም ጋ እንሂድ።»

«አንቺም?»

«እኔም።»

ሾፌሩ ስፒል የተሰካበትን ኮት በጥንቃቄ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። በሩ ጋ ሲደርሱ ወንድምዬው ተጣራ።

«ጋሼ፣ ልብሱስ?»

ሾፌሩ ዞሮ ኮቱን አየው። «እስቲ… ይቆይ።»

የወንድምዬው አፍ ላይ ብዙ ምክር መጣ። ዋጠውና «ይቆይ» አለ። ከዚያ ስፒሎቹን ከኮቱ ላይ መንቀል ጀመረ።