ቁጭ ብሎ የሚከፈለው ዱባለ

የቸሃው ዱባለ ግቤን ተሻግሮ ባለ አንድ አየር ማረፊያ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው። በዓመት አንዴ ለመስቀል አገሩ ሲገባ፣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ ጎረቤቱ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ ዘንድሮስ ተቃጠለ ወይ? እሱም ተመስገን፣ አልተቃጠለም ይላል። ይሄኔ ሳቅ ነው። አንዱ ወንድሙ መርካቶ ሸቀጥ ሲያዞር፣ ሌላው ቡታጅራ ምግብ ቤት ከፍቶ ሲራወጥ፣ ዱባለ ቀዩን መኪና እያጠበ ያልመጣ እሳት ይጠብቃል። ለጉራጌ ሰው ደግሞ ሥራ ፈት ከመባል የባሰ ምን ስድብ አለ?

ዱባለ ቀልዱን አብሮ እየሳቀ ያሳልፈው ነበር፤ ወርቅውሃን እስኪያይ ድረስ። ወርቅውሃ ወልቂጤ መናኸሪያው አጠገብ ልብስ ትሰፋለች። አንድ ቀን መኪና ሲጠብቅ የረዘመ ሱሪ ሊያሳጥር ገባ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሱሪ ሁሉ እየረዘመ አስቸገረው።

ሽማግሌ ላከ። አባቷ ጋሽ ዘመድኩን በቆርቆሮና በሚስማር ንግድ ያረጁ፣ ዛሬም ፀሐይ ሳትቀድማቸው ሱቃቸውን የሚከፍቱ ሰው ናቸው። ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብለው፣ አብልተው አጠጥተው፣ ቁርጡን ነገሯቸው። ልጁ ጨዋ ነው፣ ዘሩንም እናውቃለን፤ ነገር ግን ቁጭ ብሎ ለሚከፈለው ሰው ልጄን አልሰጥም፤ ቁጭ ማለት የለመደ ወገብ ነገ ለቤቱም አይነሣም አሉ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

ወርቅውሃ ግን ዝም አላለችም።

"አባባ፣ አገር ቤት ጓሯችን ያለው እንሰት ምን ሲሠራ ይውላል?" አለቻቸው።

"እንሰት ምን ይሠራል? ይቆማል እንጂ።"

"ለክፉ ቀን ብሎ ስንት ዓመት ቆሞ ሲጠብቀን፣ ሥራ ፈት ብለነው እናውቃለን?"

ምላሰኛ ብለዋት ወደ ሱቃቸው ሄዱ። የዚያን ቀን ግን ለደንበኛ ሚስማር ሲመዝኑ ሁለቴ ተሳሳቱ። ይህን ሁሉ ወርቅውሃ በስልክ ስታጫውተው ዱባለ ከት ብሎ ሳቀ። ስልኩ ሲዘጋ ግን የታጠበውን መኪና እንደገና ማጠብ ያዘ። አባትየው እንቢ ካሉ እንቢ ነው፤ እሷም ያለ አባቷ ምርቃት አትወጣም።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ረፋድ ላይ፣ የሚመጣው አውሮፕላን ጎማው አጠራጥሯል የሚል ወሬ ደረሰ። ደወሉ ጮኸ። ዱባለ ከባዱን ልብስ ለበሰ፣ የራስ ቁሩን ደፋ፤ መኪኖቹ ሞተራቸውን አስነስተው ከሜዳው ዳር ተሰለፉ። ዓይኑ ሰማይ ላይ ተተከለ። አውሮፕላኑ መጣ፣ ዝቅ አለ፣ መሬት ነካ፣ ሮጠ፣ ቆመ። ምንም አልሆነም። ተሳፋሪዎቹ እየተሳሳቁ፣ ስልካቸውን እየከፈቱ ወረዱ። አንዲት እናት ሕፃኗን አዝላ በሩቁ አለፈች፤ ወደ ቀዩ መኪና ዘወር ብላም አላየችም። እሱ ግን ልጁን አየው፤ ለጥ ብሎ ተኝቷል።

መኪናውን ወደ ቦታው መልሶ፣ የራስ ቁሩን አውልቆ ላቡን ሲጠርግ ከአጥሩ ውጭ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ጋሽ ዘመድኩን። ዘመድ ልጠይቅ ብለው ከቤት ወጥተው፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ቆጮ እንደያዙ ሁሉን ሲያዩ ቆይተዋል።

"እሳቱ የታለ?" አሉት።

"አልመጣም፣ ጋሼ።"

"ቢመጣስ ኖሮ?"

"እኛ ነበርን እኮ።"

ሽማግሌው ከአየር ማረፊያው የሚወጡትን ሰዎች አንድ በአንድ አዩአቸው። ከዚያ ጥቅሉን ከአጥሩ በላይ አቀበሉትና፣ "እንካ፣ ከወንድምህ ከእንሰት ነው" አሉት።

በመስቀል ሽማግሌዎቹ እንደገና ሄዱ፤ በዚህኛው ጊዜ አንገታቸውን አልደፉም። ቸሃ ያለው የወርቅውሃ ወላጆች ቤት ሰው ሞልቶ፣ ክትፎው ቀርቦ፣ ጋሽ ዘመድኩን ሊመርቁ ተነሡ። እሳቸው ሲመርቁ እጅህ አይቦዝን፣ ሥራህ ይብዛ ማለት ልማዳቸው ነው። ዱባለ ፊት ሲደርሱ ግን እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑ።

"ልጄ፣ ፈጣሪ ዕድሜህን ሙሉ ሥራ ፈት አድርጎ ያኑርህ።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ ቀድማ፣ ከሁሉም ጮክ ብላ "አሜን" ያለችው ወርቅውሃ ነበረች።