ለለሊሴ ጊታር ደካማዋን የመረጥኩ ዕለት

ይህ ነገር የሆነው የዛሬ አራት ዓመት፣ በቡና ለቀማ ወቅት፣ እዚሁ መቱ ነው። እስከ ዛሬ ሳስበው ፈገግ የሚያሰኘኝ፣ በሬድዮ ጥገና ካረጀሁ በኋላ ነክቼው የማላውቅ ዕቃ መጥቶ ስለፈተነኝ ነው።

ለሊሴ የጎረቤቴ ልጅ ናት። የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ በፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ደግሞ የኤሌክትሪክ ጊታር ትጫወታለች። በዚያ ወቅት አንድ እሑድ የየከተማው መዘምራን ሁሩሙ ከተማ ላይ ሊገናኙ ነው። በአንዱ መዝሙር መሐል ጊታሯ ብቻውን የሚሰማበት ቦታ አላት፤ ዓመት ሙሉ ያጠናችው እሱን ነው። በዚያው ሳምንት የጊታሩ የኋላ ፒካፕ ሞተ። ፒካፕ ማለት ከክሮቹ ሥር ተቀምጣ ድምፃቸውን የምትይዝ ማግኔት ናት። የመዘምራኑ መሪ ኦቦ ገመቹ ቁርጡን ነገራት፤ «እስከ ቅዳሜ ካልተሠራ ያንን ቦታ ኪቦርድ ይጫወተዋል።»

መዘምራኑ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሁለት ፒካፕ አስመጥተው ወደ ጥገና ሱቄ ይዘው መጡ፤ አንዱን አስቀርተው ሌላውን ሊመልሱ። ሁለቱም ሃምበከር የሚሉት ዓይነት ነው። ጥንድ ጥቅል ሽቦ ስላለው ከመብራት የሚመጣውን እምም የሚል ድምፅ ያጠፋል። የኤሌክትሪክ መለኪያ ሜትሬን አውጥቼ ብለካቸው የአንዱ ቁጥር የሌላውን እጥፍ ሆነ፤ ቁጥሩ የበለጠው ድምፁም ይበረታል።

«ጋሼ ተክሌ፣ ይሄ ምን ያስጨንቃል? ትልቁን ነዋ!» አለ ገመቹ።

እኔም በልቤ እንደዚያው ስላሰብኩ ትልቁን በየድኩት። ሱቄ ውስጥ ስትሞክረው ግድግዳው ተንቀጠቀጠ፣ መንገደኛው ቆሞ አየን። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው።

ጉዱ የመጣው ቅዳሜ ልምምድ ላይ ነው። አዳራሹ ቆርቆሮ ነው። ከበሮው፣ ኪቦርዱ፣ ያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ሲነሣ ጊታሩ ጩኸት ብቻ ሆነ። አጠገቤ የተቀመጡት የገመቹ እናት፣ አዴ ብርቄ፣ ጆሯቸውን ያዙ።

«ያ ዋቃዮ! ይሄ መዝሙር ነው ወይስ የተቆጣ ንብ?»

ለሊሴ እንባዋ ቀርቧል። እኔም አፈርኩ። ሬድዮ ስጠግን ልማዴ ከፍቼ ትቼው፣ መንገድ ተሻግሬ ማዳመጥ ነው። ንግግሩ ቃል በቃል ከተሰማኝ ብቻ አስረክባለሁ። ለጊታሩ ግን ይህን አላደረግኩም። ቁጥር አታለለኝ።

«በቃ ኪቦርዱ ይዘጋጅ» አለ ገመቹ።

«ቆይ ልጄ፣ አንድ ጊዜ ታገሠኝ።» መበየጃዬን እዚያው አዳራሹ ውስጥ ሰካሁና ገና ያልተመለሰችውን፣ በቁጥር ያነሰችውን ደካማዋን ፒካፕ ገጠምኩ።

«ጋሼ፣ እኛ ድምፅ ስንል እርስዎ ሹክሹክታ ሊያመጡልን ነው?»

«አንተ አስዘምር፣ እኔ ልስማ።»

ወጣሁ። ግቢውን አቋርጬ ከአጥሩ ማዶ ቆምኩ። መዝሙሩ ተነሣ። የለሊሴ ተራ ሲደርስ እያንዳንዷ ክር ከዚያ ሁሉ ድምፅ መሐል ተለይታ እስከ መንገዱ መጣች። ስመለስ ለሊሴ ከመድረኩ ላይ ሆና ዓይን ዓይኔን ታያለች።

«አልቋል» አልኳት። ገመቹም ኪቦርዱን ዳግመኛ አላነሣም።

እሑድ አብሬያቸው ሁሩሙ ሄድኩ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ሚኒባሱ ውስጥ «ዛሬስ ከቅዳሴ አስቀረንዎት!» እያሉ ሲስቁብኝ ደረስን። መሐል ላይ መብራት ጠፍቶ በጄኔሬተር ቀጠሉ፤ ጊታሩ እምም እንኳ አላለም። ለሊሴ ያንን ቦታዋን ተጫውታ ስትጨርስ ሕዝቡ ብድግ ብሎ እልልታውን አቀለጠው። ከዳሪሙ የመጡ ጊታር ተጫዋቾች ተሻምተው ከበቧት።

«ማን ነው ይህን የመረጠልሽ?»

ገና ወደ እኔ ስታመለክት ገመቹ ቀደማት። «እኔና ጋሼ ተክሌ ነን!»

ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ጊታር እንዴት እንደሚያዝ እንኳ አላውቅም። ግን ለሊሴ ስትጫወት በሰማሁ ቁጥር፣ ከዚያ እልልታ የኔም ድርሻ አለበት እያልኩ እኮራለሁ። ለገመቹም ትንሽ ትቼለታለሁ።