የአባባ መኪና አልነሳ ያለ ዕለት

ቅዳሜ ማለዳ ከደብረ ብርሃን ስነሳ ቦርሳዬ ውስጥ ቴስተር፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴና ጥቂት ሽቦ ነበር። ሥራዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ጥገና ነው፤ የዚያን ዕለት ደንበኛዬ ግን ዘመሮ ብቻቸውን የሚኖሩት አባቴ ነበሩ። በዋዜማው ደውለው፣ «ስንዱ፣ መኪናው አልነሳ አለኝ። ነገ ካልተነሳ ጉዴ ፈላ» አሉኝ። ምን እንዳስቸኮላቸው ብጠይቅ «ስትመጪ» ብለው ዘጉት።

ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሹፌራችን ይዳብስ ነበር። ከመዘዞ በኋላ ሰማዩ ተከፈተ፤ ግራና ቀኝ የደረሰው ገብስ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሳል። ሞላሌ ላይ ትኩስ አምባሻ በሻይ በላሁና መኪና ቀይሬ፣ አቧራ እየቃምኩ ዘመሮ ገባሁ።

ዘመሮ

አባባ ፀጉራቸውን ተቆርጠው፣ አዲስ ኮት ለብሰው በር ላይ ጠበቁኝ። አጠገባቸው የድሮ ወዳጃቸው፣ ከቆላ ማሽላ እያመጡ የሚነግዱት ጋሽ ሰይድ ቆመዋል።

«ባትሪው ነው» አሉኝ ጋሽ ሰይድ ገና ሰላም ሳንባባል።

«ባትሪው አዲስ ነው፣ አንተ ሰውዬ!» አባባ ተቆጡ።

የፊት መብራቱን አበራሁት፤ ቦግ አለ። ቁልፉን ሳዞር ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ትንፍሽ አላለም፣ መብራቱም አልደበዘዘም። ባትሪው ደህና ነው ማለት ነው። ማርሹን ነጻ አድርጌ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቤ፣ ለሞተሪኖው በሽቦ ቀጥታ ከባትሪው ሰጠሁት። ዞረ። እሱም ደህና ነው። ከመሪው ሥር ያለውን ክዳን ፈትቼ ከማስነሻ ቁልፉ ጀርባ ያሉትን ሽቦዎች በቴስተር ነካካሁ። ወደ ቁልፉ የሚገባው ሽቦ ኤሌክትሪክ አለው። አባባ ቁልፉን ሲያዞሩልኝ ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ግን ባዶ ነው።

«ኤሌክትሪኩ እዚሁ ቁልፉ ውስጥ ነው የሚቀረው» አልኩ።

«ይሠራል ወይስ በቅሎ ልፈልግ?» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«በቅሎ ለምን?»

አባባ መሬት መሬት ያዩ ጀመር። ጋሽ ሰይድ ሳቃቸው አመለጣቸው። «አልነገራትም እንዴ! አባትሽ ዛሬ ሚስት ሊያመጣ ነው። ሽማግሌው እኔ ነኝ። አስካለ ጓሳ አጠገብ ቤተሰቧ ጋ ሆና ትጠብቀናለች።»

«ይህ በስልክ ይነገራል?» አሉ አባባ ቀስ ብለው። «ቅር ይልሻል?»

እናቴ ካረፈች ወዲህ ስንት ክረምት ብቻቸውን እራት እንደበሉ አሰብኩ። አቀፍኳቸው። አዲሱ ኮት የእጄ ግራሶ ነካው።

ባትሪውን ነቅዬ የቁልፉን የኋላ ክፍል ከፈትኩት። እርስ በርስ የሚነካኩት መዳቦች ተቃጥለው ጠቁረዋል። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ መለስኳቸው። «ለዛሬ ምናልባት ያደርሰን ይሆናል» አልኩ። መኪናው በአንድ ዙር ተነሳ። ጋሽ ሰይድ እልል አሉ።

ጓሳ

አባባ እየነዱ፣ ጅብራ በሚባለው ረጅም ተክል መሃል የሚግጡትን ጭላዳ ዝንጀሮዎች እያለፍን የእትዬ አስካለ ቤተሰብ ቤት ደረስን። ጥብስ በላን፣ ጠላ ጠጣን፣ ተመረቅን። እትዬ አስካለ ጥርሳቸው የማይከደን፣ ደርባባ ሴት ናቸው። ጋቢና ገቡ፣ ዘመድ ሁሉ ከበበን፣ አባባ ቁልፉን አዞሩ። መኪናው ጸጥ!

እኔ ቦርሳዬን ስጎትት እትዬ አስካለ ወርደው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ።

«ምን እያደረግሽ ነው? ሙሽራ እኮ ነሽ!» አሉ አባባ።

«እና ቤቴ በእግሬ ልሄድ? ግፉ እንጂ!»

ገፋን። ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ተንተፋትፎ ተነሳ፤ አባባም ሞተሩ እንዳይጠፋባቸው ፈርተው ሳይቆሙ ነጎዱ። ሙሽራውን የያዘ መኪና ሙሽሪትን ጥሎ ሄደ! እሳቸው ከፊት፣ እኛ ከኋላ እየሮጥን፣ እየሳቅን ሜዳው ላይ ደረስንባቸው። ጋሽ ሰይድ ሳቁ ገድሏቸው ሳሩ ላይ ቁጭ አሉ።

መልስ

ሰኞ ከመሐል ሜዳ አዲስ የማስነሻ ቁልፍ ገዝተን መጣንና ገጠምኩት። ማክሰኞ እትዬ አስካለ የገብስ ቆሎ ቋጥረው እስከ መኪና ሸኙኝ። «ልጄ፣ መኪናው ሳይበላሽም ነይ» አሉኝ።

ደብረ ብርሃን ቤቴ ገብቼ መድረሴን ልነግራቸው ደወልኩ። ብልሽትን አንድ በአንድ እያጣሩ መፈለግን ከጋራዥ ተምሬዋለሁ፤ አባባ ምን እንደጎደላቸው ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር። መጠየቅን ያስተማረኝ ይህ ጉዞ ነው። ስልኩን ያነሱት እትዬ አስካለ ናቸው። ከጀርባቸው የአባባ ድምፅ ይሰማኛል፤ ዘፈን ያንጎራጉራሉ።