የወፍጮ ቤቱ ድንጋዮች

ወፍጮው ባይቆም ኖሮ ለዚያ ሰውዬ እጄን አላወጣም ነበር። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ፤ ሰበብ መሆኑንም አውቃለሁ። እጄን አውጥቻለሁ፣ ያውም ከፊት ተቀምጬ፣ ሌሎቹ እያዩኝ።

ጊዜው አዲሱ ክልል የተመሠረተበት፣ አሶሳ ውስጥ በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቀለሙ ያልደረቀ ታፔላ የሚሰቀልበት ነበር። እኔ ከከተማው ወጣ ባለችው የሰፈራ መንደራችን ውስጥ ስምንተኛ ክፍል የኅብረተሰብ ሳይንስ አስተምር ነበር። ወላጆቼ በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚያ የሰፈሩ ናቸው። በቀድሞው መንግሥት ትራክተሩም፣ ዘሩም፣ ናፍጣውም ከላይ ይመጣልን ነበር። ያ መንግሥት ሲወድቅ ሁሉም ባንድ ጊዜ ቀጥ አለ። ትራክተሮቹ በቆሙበት ዛጉ፣ ሱቁ ጨው እንኳ አጣ፣ በዚያ ላይ ማሽላው ሳያፈራ ዝናቡ ቀረ። ወፍጮውም ናፍጣ አጥቶ ቆመ። እናቴ በስተርጅና ወደ እጅ ወፍጮ ተመለሰች። መዳፏ ሲላጥ እያየሁ በመንግሥትም በፈጣሪም እበሳጭ ነበር።

ወፍጮው የማኅበሩ ነው፤ ወረፋ የሚያዘውም በድንጋይ ነበር። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ድንጋይ አለው። ጠዋት በሩ ፊት ለፊት ከሌላው ድንጋይ ኋላ ታስቀምጪና ወደ አረምሽ ትመለሻለሽ። የተኳረፉ ሰዎች እንኳ አንዱ የሌላውን ድንጋይ አይነካም። የእኛው ነጭ መስመር ያለበት ነው። ከእኛው ጎን ሁልጊዜ አንድ ክብ ጥቁር ድንጋይ ነበር፤ በአገሩ ነባር ከሆኑት ከበርታዎች አንዷ፣ የጎረቤት መንደር ሴትዮ ናት ከወንዝ አምጥታ ያስቀመጠችው። በመጣን ዓመት እናቴ በወባ ስትማቅቅ ገንፎ ይዛ የመጣችልን፣ ባሚያ አድርቆ ማስቀመጥን ያሳየችን እሷ ናት። እናቴ እህቴ ነው የምትላት።

ሰውዬው የመንደራችን ልጅ ነው፤ ከተማ ሲነግድ ከርሞ ሁለት በርሜል ናፍጣ ጭኖ መጣ። መንደሩ መሃል ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ሰበሰበንና ብዙ ተናገረ። ወፍጮውን የሚያስተዳድረው የማኅበሩ ኮሚቴ አሥር አፍ እንጂ አንድ እጅ የለውም አለ። ወረፋው የረዘመው በሰው መንደር እህል ነው አለ። ይህን ሲል አንዳንዶች ራሳቸውን ነቀነቁ። በመጨረሻ እንዲህ አለ፦

«በስብሰባ የጠገበ የለም። ቁልፉን ለእኔ ስጡኝ፣ እናንተ ዱቄታችሁን ይዛችሁ ግቡ።»

የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«እስከ መቼ?»

ሰው ሳቀባቸው። እኔም ሳቅኩ። ርቦን ነበር፤ የራበው ሰው ፊት ስለ ነገ መጠየቅ ነገር ማጓተት ይመስል ነበር። ከእሳቸው በቀር ሁላችንም እጃችንን አወጣን።

ወፍጮው ሲነሳ ድምፁ እስከ ትምህርት ቤቱ ተሰማ። ተማሪዎቼ አጨበጨቡ፣ እኔም ጠመኔዬን አስቀምጬ አብሬ አጨበጨብኩ። አልዋሽም፣ ያን ቀን ሰውዬውን ባገኘው ጉልበቱን እስም ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት መልካም ሆነ። በሁለተኛው ድንጋዮቹን በአካፋ ዝቆ አጥሩ ሥር ከመራቸው፤ ከእንግዲህ ተራ የምጠራው እኔ ነኝ አለ። ጎንበስ ብሎ ሰላም ያለው ቀድሞ ይጠራል፤ በኮሚቴው ጊዜ የተከራከረው ፀሐይ ሲወርድ ይጠራል። እኔን አስተማሪ ስለሆንኩ ቶሎ ይጠራኝ ነበር፣ ያም ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ግን አላጉረመረመም። ዱቄቱ አለ፣ ሌላው ይደረስበታል ተባለ።

አንድ ጠዋት የበርታዋ ሴትዮ እህሏን በእንጨት ግራና ቀኝ አንጠልጥላ፣ እንጨቱን በትከሻዋ ተሸክማ መጣች። በሩ ፊት ያለውን ባዶ መሬት አየች።

«የኔ ድንጋይ የት ሄደ?» አለች በተሰባበረ አማርኛዋ። «እኔ እዚህ አስቀመጠ።»

ሰውዬው የመንደሩ ሰው ሳይጠግብ የውጭ እህል አይፈጭም ብሎ መለሳት። እሷ እሱን ትታ ወደ እኔ ዞረች። የእኔ ማሽላ በዚያች ደቂቃ እየተፈጨ ነበር። ዓይኔን ጆንያዬ ላይ ተክዬ ዝም አልኩ። እንጨቷን አስተካክላ ሄደች።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት ዱቄቱን እንኳ አላየችውም።

«እሷ ስትመለስ አንቺ አስፈጭተሽ መጣሽ?» አለችኝ።

በዚያው ሳምንት ፈተና ነበር። ትምህርቱ ሥራ ስለጠፋበትና ገንዘቡ ስለረከሰበት አንድ ሩቅ አገር ነው፤ ጥያቄው ሕዝቡ አምባገነኑን ለምን እንደተቀበለ ነው። የመጽሐፉ መልስ ሥራ አጥነት፣ የገንዘብ መርከስ፣ በመንግሥት ላይ እምነት ማጣት እያለ ይቀጥላል። አንዲት ተማሪዬ «ወፍጮውን ስላስነሳላቸው» ብላ ጽፋለች። በቀይ እስክሪብቶ የኤክስ ምልክት አደረግኩባት፣ ፈገግም አልኩ። ቀጣዩን ወረቀት አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩና የእሷን እንደገና አነበብኩ። ያንን ትምህርት ሁለት ሳምንት ሙሉ ቆሜ ሳስተምር፣ የገባት እሷ ነበረች። ኤክሱን ሰርዤ ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት፤ በራሴ ግን አፈርኩ።

በማግስቱ ከትምህርት በፊት አጥሩ ሥር ካለው ክምር ጥቁሩን ድንጋይ ፈልጌ አወጣሁ። በሩ ፊት አስቀመጥኩት፣ የእኛን ከኋላው አደረግኩ። ሰውዬው ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣና በእግሩ ገፋቸው። መልሼ አስቀመጥኳቸው።

«መምህር፣ ሴትዮዋ እኮ የእኛ ሰው አይደለችም፤ ምን አደከመሽ?» አለኝ።

«እጄን ያወጣሁት ርቦኝ ነው» አልኩት። «ዛሬም ርቦኛል፣ ግን አውርጄዋለሁ።»

ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ወፍጮ ዱቄት አታገኚም አለኝ። ወደ ክፍል ሄድኩ። እናቴ የእጅ ወፍጮዋን ጠረገች፤ እየተፈራረቅን ፈጨን። በየጠዋቱ እሱ ይገፋል፣ እኔ እመልሳለሁ። በሦስተኛው ቀን ስደርስ ሦስተኛ ድንጋይ ተቀምጦ አገኘሁ፤ የሊቀመንበሩ ነበር። ከዚያ አራት ሆኑ፣ ከዚያ ሰባት። አንድ ቀን ሰውዬው አንዲት ሴት ያለ ተራዋ ሲጠራ፣ ድንጋዬ ገና ነው ብላ ከቦታዋ አልነቃነቅም አለች።

ሰውዬው በሩን ቆልፎ ናፍጣዬን እወስዳለሁ አለ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው አመነታ፤ እኔም ሌሎቹን ልወቅስ አልችልም። ማንጎው ሥር እንደገና ተሰበሰብን። ሽማግሌው ያቺኑ ጥያቄያቸውን ጠየቁ፤ በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም። አንዲት እናት ከኋላ «እስከ ዛሬ» አለች፣ ከዚያ እጅ ወጣ። ሁሉም አይደለም፣ ግን ለመወሰን በቃ። ሰውዬው ቁልፉን መሬት ላይ ጥሎ የተረፈውን ናፍጣ ጭኖ ሄደ። ከቤት ቤት ማሽላ አዋጥተን፣ ከተማ ሸጠን ናፍጣ እስክንገዛ ወፍጮው ዳግመኛ ዝም አለ። እንደገና ራበን።

ወፍጮው የተነሳ ዕለት ወደ ጎረቤት መንደር በእግሬ ሄድኩ። ሴትዮዋ ደጃፏ ላይ ባሚያ ታሰጣለች። ድንጋይሽ ከሁሉም ፊት ነው አክስቴ፣ ነይ አልኳት። እጇን ጠርጋ ቀና አለች።

«ያን ቀን አንቺ እዚያ ቆመ» አለች። «አየ። ዝም አለ።»

«አዎ» አልኩ። «ዝም አልኩ።»

ወደ ውስጥ ገብታ እህሏን በእንጨቱ ላይ አሰረች። ከዚያ በራሷ ትከሻ ላይ አላደረገችውም፤ አምጥታ በእኔ ላይ ጫነችና ከፊቴ መንገድ ጀመረች። እንጨቱ ትከሻ ይበላል፣ መንገዱም ሩቅ ነው። ወፍጮ ቤቱ በር እስክንደርስ አላወረድኩትም።