የቅዳሜ ጠዋት ገበታ

በጃንሆይ ዘመን ነው፤ ለትምህርት ወደ አሜሪካ ልሄድ ከንፋስ መውጫ የወጣሁ ለት፣ ገና ሳይነጋ ስንቄ በበቅሎው ላይ ተጭኖ አልቋል፤ ጎረቤቱ ግን አልለቀቀኝም። "ጠግቤአለሁ" ስል እትዬ ጥሩነሽ "በሞቴ" ብለው ያጎርሱኛል፤ "በቃኝ" ስል አባቴ "ይችን ብቻ" ይላሉ። እስከ ደብረ ታቦር ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ሄድሁ። ከዚያ መኪና፣ ከዚያ አውሮፕላን፣ ከዚያ ኦሃዮ።

እዚህ አገር፣ ወገኖቼ፣ ሰው ብቻውን ይበላል። በኮሌጁ የምግብ አዳራሽ ሁሉም ትሪውን ይዞ፣ ጋዜጣውን ከፊቱ ዘርግቶ ያኝካል። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል ላደግሁት ለእኔ ይህ ከብርዱ የባሰ ነበር። የጉናን ብርድ ችዬ ያደግሁ ነኝ፤ ይህን ግን አልቻልሁም። አንድ ዓመት ሙሉ የበላሁት ከግድግዳ ጋር ነው።

ፉትቦል የገባሁትም ለዚሁ ነው። ፉትቦል ይበሉት እንጂ ኳሱን በእጅ ይዘው ነው የሚሮጡት፤ የያዘውን ይጥሉታል፣ ይከመሩበታል። ኳሱን ይዞ የሚሮጠውን ራኒንግ ባክ ይሉታል። አሠልጣኙ ብርዱን ሸሽቼ ወደ ክፍል ስሮጥ አይቶ ጠራኝ። እኔ ደግሞ ያየሁት ሌላ ነው። በየቅዳሜው ጠዋት፣ ከግጥሚያው በፊት፣ መጀመሪያ የሚሰለፉት ልጆች በአንድ ረጅም ገበታ ዙሪያ አብረው ይበላሉ፤ ይሳሳቃሉ፣ ዳቦ ይቀባበላሉ። ተጠባባቂው ግን እንደ ልማዱ ትሪውን ይዞ ጥጉን ይፈልጋል። እዚያ ገበታ ለመቀመጥ ስል ጉልበቴ ስንት ጊዜ እንደተላላጠ እኔ ነኝ የማውቀው።

ለራኒንግ ባኩ ቦታ ሁለት ነበርን፤ እኔና ዶን። ዶን ወታደር ቤት ቆይቶ የመጣ፣ ሚስትና ልጅ ያለው፣ በስድስት ዓመት የሚበልጠኝ ሰው ነው። እሱ እንደ በሬ ገፍቶ ያልፋል፣ እኔ ሾልኬ አመልጣለሁ። በመጨረሻው ልምምድ እኔ ሦስት ጊዜ አለፍሁ፣ እሱ አንድ ጊዜ። አሠልጣኙ ሁለታችንንም ቢሮው ጠራን።

"አል" አለኝ፤ ዓለምነህ ረዝሞበት ነው። "ቅዳሜ አንተን ላስጀምር አስቤአለሁ። ትፈልጋለህ?"

ልቤ ዘለለ። ግን ታላቄ አጠገቤ ቆሞ እንዴት "አዎ" እላለሁ? አሳዳጊ የበደለው ልባል ነው?

"የለም፣ ዶን ይቅደም። ታላቄ ነው" አልሁና አንገቴን ደፍቼ "ተው እንጂ" እስኪለኝ ጠበቅሁ።

"ጥሩ" አለና የዶንን ስም ጻፈ።

በማግስቱ ወደ አሠልጣኙ ተመልሼ ሄድሁ።

"ጌታዬ፣ እኔ እኮ እፈልጋለሁ።"

"አልፈልግም አልከኝ።"

"ለወጉ ነው። ደግመው ሲጠይቁኝ እሺ ልል ነበር።"

"ስንት ጊዜ ልጠይቅህ ኖሯል?"

"ሁለቴ ይበቃል። ሦስቴ ቢሆን ግን ያምራል።"

እስኪያስለው ሳቀ። "እኔ አርባ ልጅ አለብኝ" አለና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

የጨዋታው ወራት እስኪያልቅ ዶን ጀመረ፤ ጥሩም ተጫወተ። እኔ በየቅዳሜው ከጥጌ ሆኜ ሳቃቸውን እሰማለሁ። ተናድጄ ነበር፤ በማን እንደሆነ ግን እንጃ።

የምስጋና ቀን የሚሉት በዓላቸው ደረሰ። ተማሪው ሁሉ ወደየቤቱ ሄዶ ሕንጻው ባዶ ቀረ። እኩለ ቀን ላይ የክፍሌ በር ተንኳኳ፤ ዶን ነው። ሚስቱና ልጁ ታች መኪና ውስጥ ይጠብቁታል።

"ና፣ እኛ ቤት እንብላ" አለኝ።

ወገኖቼ፣ በዚህ ጊዜ ያገሩን ደንብ ጠንቅቄ አውቄዋለሁ። "እሺ" ማለት ብቻ ነው። አፌ ግን "የለም፣ አላስቸግራችሁም፤ በልቻለሁ" አለ።

"እንግዲያው መልካም በዓል" ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገና ወረደ።

ጫማዬን አጥልቄ፣ ኮቴን ደርቤ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ተቀመጥሁ። መኪናው ሲነሣ ሰማሁት። ቢሆንም ኮቴን ሳላወልቅ ቆየሁ፤ መንገድ ላይ ሚስቱ "ተመለስና ደግመህ ጠይቀው" ትለው ይሆናል ብዬ።