ለፊልም ማልቀስ

ወንድሜን የወሰዱት ለምሳ ቀርበን ሳለ ነው። በምድር ባቡር ጋራዥ ተለማማጅ ነበር፤ የሟቹን አባታችንን ቱታ አሳጥሮ ይለብስ ነበር። ሁለት የቀበሌ ጠባቂዎች በር ላይ ቆመው፣ "ለአንድ ጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል" አሉን። እጁን እንኳ ሳይታጠብ ወጣ።

ከዚያ በኋላ እናቴና እኔ ስንቅ ማመላለስ ጀመርን። በዚያ በድሬ ሙቀት ከእስር ቤቱ አጥር ሥር ተሰልፈን እንውላለን። ሳህኑ ባዶውን ሲመለስልን "በልቷል" ብለን ተመስገን እንላለን። አንድ ቀን ምግቡ እንዳለ ተመለሰ። ያቀበለን ጠባቂ ፊታችንን ሳያይ፣ "ከእንግዲህ አታምጡ" አለ። ምን ማለት እንደሆነ ማንም አላስረዳንም። ከፊታችን የተሰለፉ እናቶች ያንኑ ቃል ሰምተው ሲመለሱ አይተናል።

ማልቀስ ክልክል ነበር። "ፀረ ሕዝብ" የተባለ ልጅ እናት ድንኳን አትተክልም፣ ጥቁር አትለብስም፣ ድምፅ አውጥታ አታነባም። ዕድሩም ድርሽ አላለም። ጠዋት የእኛ በር ሲከፈት የግቢው በሮች አንድ በአንድ ይዘጋሉ። እናቴ በወሊድ ታማ ሳለች ወንድሜን ጡቷን ያጠባችው ጎረቤታችን እንኳ፣ የተዋሰችውን ወንፊት ደጃፋችን ላይ አስቀምጣ፣ ሳታንኳኳ ሄደች። እኔ በታይፒስትነት በምሠራበት መሥሪያ ቤት ሻይ ልጠጣ ስቀመጥ ባልደረቦቼ ብርጭቆአቸውን ሳይጨርሱ ይነሳሉ። የእኛ ነገር የሚጋባ ነበር፤ ሰላም ያለን ሰው በማግስቱ ሊጠራ ይችላል። እነሱም ልጆች አሏቸው።

እናቴ አንዲት ዘለላ እንባ አላወጣችም። መናገርም ተወች። ሳናግራት ከንፈሬን ታያለች እንጂ አትመልስልኝም። ማታ ማታ እስትንፋሷን አዳምጥ ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን ነጠላዋን ለብሳ መጥታ፣ "ሲኒማ ውሰጂኝ" አለችኝ።

በዕድሜዋ ሲኒማ ገብታ አታውቅም። "ምን ልታደርጊ፣ እማዬ?" አልኳት።

"ሰው መሃል መቀመጥ አማረኝ። ጨለማ ውስጥ ማን እንደሆንን አይተው አይነሱብንም።"

ከዚራ ሰፈር ወዳለው ሲኒማ ቤት ሄድን። ውስጥ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ውጭ ዛፍ ጥላ ሥር ቆየን። ምን እንደሚታይ እንኳ አልጠየቅንም። ፊልሙ ከሥሩ የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ነበረው። ሚሲዮን ትምህርት ቤት የለቀምኳት ፈረንሳይኛ ነበረችኝና፣ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብዬ መተርጎም ያዝኩ።

አንድ በሽታ ዓለምን ጨርሷል። ከሞት የተረፉት ሰው መሆናቸው ቀርቷል፤ ዓይናቸው ነጭ ነው፣ ቆዳቸው ይላጣል፣ ቀን ቀን ምድር ቤት ተደብቀው ሲመሽ እያሸተቱ ይወጣሉ። በዚያ ሁሉ ከተማ ጤነኛ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት የስልክ ማውጫ ገልጦ በየቤቱ ይደውላል። ባዶ ሳሎን ውስጥ ስልክ ሲጮህ ያሳዩናል፤ የሚያነሳ የለም። አንድ ቀን ግን ተነሳ። ከወዲያ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው።

ሰውዬው ሊዘጋ እጁን ሲያነሳ እናቴ፣ "አትዝጋው!" አለች ጮክ ብላ።

ከፊታችን የተቀመጡት ዞር አሉ። እጇን ጨብጬ "ቀስ በይ" አልኳት። በስተቀኝ ግድግዳ ተደግፈው፣ ሳይከፍሉ የገቡ ሁለት ባለጠመንጃ የቀበሌ ጠባቂዎች ነበሩ።

ሰውዬው አልዘጋውም። በየቀኑ እየደወለ ለዚያ ትንፋሽ ማውራት ጀመረ፤ ምን እንደበላ፣ ዝናብ እንደዘነበ። በመጨረሻ ብቸኝነቱ ጠናበትና ጠመንጃውን ይዞ ቤቱን ፈልጎ ሄደ። በሩን ከፍቶ ገባ። በሽታው የያዛት ልጅ ናት፤ የስልኩን እጀታ ደረቷ ላይ አቅፋ ተቀምጣለች። ስታየው ጥርሷን አወጣች። ተኮሰባት።

ያኔ እናቴ ጮኸች። እንዲያ ያለ ድምፅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም። "ወየው ልጄን! ወየው የኔ ልጅ!" እያለች ደረቷን ትደቃለች፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል። አፏን ልይዝ እጄን ሰደድኩ፤ መለስኩት። ጠባቂዎቹ ከግድግዳው ተነሱ። አስተናጋጁ ባትሪውን እያበራ እየሮጠ መጣ።

"አቦ እማማ፣ ፊልም እኮ ነው! ምን ሆኑ?"

"ፊልም መሆኑን መች አጣሁት፣ ልጄ?" አለችው እየተንሰቀሰቀች። "ለፊልም ማልቀስም ተከለከለ?"

አስተናጋጁ ወደ ጠባቂዎቹ ዞሮ አየ፣ ባትሪውን አጠፋ። ወዲያው ከኋላ ወንበሮች ሌላ ሴት ማልቀስ ጀመረች፤ በኦሮምኛ ልጇን ትጠራለች። ቀጥሎ ከመሃል አንድ ሽማግሌ፣ እንደ ወንድ ወግ አፋቸውን ይዘው። ማን ከየት እንደሚያለቅስ መለየት እስኪያቅተኝ ድረስ አዳራሹ የለቅሶ ቤት ሆነ። ጠባቂዎቹ ማንን ይያዙ? ሸራው ላይ ሰውዬው ብቻውን መንገድ ለመንገድ ይሄዳል፤ እኔም መተርጎሜን ተውኩ። ለወንድሜ ያለቀስኩት ያኔ ነው።

መብራት ሲበራ ሁሉም ዓይኑን እየጠረገ፣ ማንም ማንንም ሳያይ ወጣ።

ወደ ቤታችን ስንመለስ የደረቀውን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ማቋረጥ ነበረብን። እናቴ እግሯ እየተጠላለፈ በትከሻዬ ተደግፋለች። መሃል ላይ ስንደርስ ዞር ብዬ አየሁ፤ ያቺ በኦሮምኛ ያለቀሰችው ሴት፣ አሁንም የልጇን ስም ቀስ ብላ እየጠራች፣ ራቅ ብላ ትከተለናለች። ስንቆም ትቆማለች። ጠጋ አላለችም። በራችንን ከፍተን እስክንገባ ቆማ አይታን፣ ወደ ቀፊራ ገበያ በሚወስደው መንገድ ተመለሰች።

በሳምንቱ እናቴ እንደገና ውሰጂኝ አለች። ፊልሙ ተቀይሮ የህንድ ዘፈን ነበር፤ የሚለቀስበት አልነበረምና ከበሩ ተመለስን። ያችን ሴት ብዙ ጊዜ ገበያ ወርጄ ፈለግኳት፤ አላገኘኋትም። የወንድሜንም ሬሳ አላገኘንም። በዓመቱ ከግቢያችን ሌሎች ልጆች ሲወሰዱ፣ ልጆቻቸው የተወሰዱባቸው ጎረቤቶቻችን ሰላም ይሉን ጀመር። እናቴ ግን ማታ በራቸው ሲዘጋ እቤታችን ተቀምጣ ለልጆቻቸው አለቀሰች እንጂ፣ ለሰላምታቸው መልስ የሚሆን ቃል ከአፏ አልወጣም።